ማሃባራታን በእንግሊዝኛ ላንብብ ላላችሁ፦ የጥያቄዎቻችሁ መልስ

ባለፈው እትም ስለ ማሃባራታ ሁለት አጫጭር አንቀጾች ጽፈን ነበር። የጥንቷ ህንድ ግዙፍ የሳንስክሪት ግጥማዊ ትረካ እንደሆነ፣ በአጎት ልጆች መካከል ስለተነሳ የዙፋን ጠብ እንደሚያወራ፣ በእንግሊዝኛም ብዙ ዓይነት ትርጉም እንዳለው ነግረናችሁ አለፍን። ከዚያ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው «የቱን ልያዝ»፣ «የቱን ልዝለል»፣ «ይሄ ሁሉ ስም ምንድን ነው» የሚል ነው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማሃባራታን ላንብብ ብዬ ስፈልግ አንዱ 200 ገጽ አይሞላም፣ ሌላው ከ800 ገጽ በላይ ነው፣ ሌላው ደግሞ 10 ወፋፍራም ቅጽ ሆኖ ቁጭ ብሏል። ሁሉም ሽፋናቸው ላይ «ማሃባራታ» ይላሉ። አንድ መጽሐፍ እንዴት እንዲህ ይለያያል? ሥራ የሚበዛብኝ ሰው ነኝ፣ የቱን ልያዝ? (ግራ የገባው)

መልስ፦ መጀመሪያ ልኩን እንወቀው። በልማድ 100,000 ሽሎካ አለው ይባላል። ሽሎካ 32 ቀለም ያለው ባለ ሁለት መስመር ስንኝ ነው። የሆሜርን ኢልያድና ኦዲሲ ብትደምራቸው እንኳ ማሃባራታ ወደ ሰባት እጥፍ ይሆናቸዋል። በ18 መጻሕፍት የተከፈለ ነው፣ ህንዶቹ ፓርቫ ይሏቸዋል። ትውፊቱ ድርሰቱን ቪያሳ ለሚባል ጠቢብ ይሰጣል። ሊቃውንቱ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ገደማ ጀምሮ እስከ 400 ዓ.ም. አካባቢ ድረስ ትውልድ ለትውልድ ሲጨምርበት የኖረ ሥራ ነው ይላሉ። እንግዲህ ይሄ ሁሉ 200 ገጽ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚቀር ገምት። ታሪኩ አለ፣ መጽሐፉ የለም።

ታሪኩማ በግማሽ ሰዓት ይነገራል። ፓንዳቫ የሚባሉ አምስት ወንድማማቾች አሉ፣ ካውራቫ የሚባሉ 100 የአጎት ልጆች አሏቸው። የፓንዳቫዎቹ ታላቅ ዩዲሽቲራ መንግሥቱን በቁማር ያጣል። አምስቱ ከሚስታቸው ከድራውፓዲ ጋር 12 ዓመት ጫካ ይኖራሉ፣ 13ኛውን ዓመት ማንም ሳያውቃቸው ተደብቀው ያሳልፋሉ። ተመልሰው ድርሻችንን ስጡን ሲሉ የካውራቫዎቹ ታላቅ ዱርዮዳና እምቢ ይላል። ኩሩክሼትራ በሚባል ሜዳ ላይ 18 ቀን ይዋጋሉ፣ የሚተርፈው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። አለቀ።

ግን ሰው ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ይዞት የኖረው ለዚህ አይመስለኝም። ማሃባራታ ውስጥ ሁሉም ሰው ያጠፋል፣ ያጠፋው ደግሞ ለምን እንዳጠፋ ያስረዳል፣ ሌላው ይመልስለታል፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ይነቅፋል፣ በመጨረሻ ማን ልክ እንደሆነ ሳይወሰን ይቀራል። ሙግት ነው። አሳጣሪዎች መቀስ ሲያነሱ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆርጡት ሙግቱን ነው፣ ምክንያቱም ድርጊቱን ያዘገያል።

ስለዚህ ጊዜ ለሌለው ሰው የእኔ ምርጫ በካምብሪጅ ሳንስክሪት ያስተማረው ጆን ስሚዝ በ2009 በፔንግዊን ክላሲክስ ያወጣው ነው። ከ800 ገጽ በላይ ያለው ያ ነው። ሰውዬው ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች በደንብ ተርጉሞ፣ የዘለላቸውን ደግሞ በየመሃሉ በአጭሩ ይነግርሃል፣ ስለዚህ ምን እንዳለፈህ ሁልጊዜ ታውቃለህ። እንግሊዝኛውም ጤነኛ ነው። መቅመስ ብቻ ከሆነ የፈለግከው አር. ኬ. ናራያን በ1978 ያወጣት አጭር ትረካ አለች፣ ጎበዝ ልብ ወለድ ጸሐፊ ስለሆነ አይሰለችም። ግን እሷን ጨርሰህ «ማሃባራታን አነበብኩ» እንዳትል፣ አደራ።

ሙሉውን እፈልጋለሁ ካልክ ደግሞ የቢቤክ ደብሮይ አለ። 10ሩ ቅጽ ማለት ይሄ ነው፣ ከ2010 እስከ 2014 በፔንግዊን ህንድ የወጣ፣ ከ2 ሚሊዮን ቃላት በላይ ያለው። የሚገርመው ደብሮይ በሙያው ኢኮኖሚስት ነበር፣ የህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የኢኮኖሚ አማካሪ ምክር ቤት ሰብሳቢ ሆኖ ሠርቷል። በ2024 እስኪሞት ድረስ የመንግሥት ሥራውን እየሠራ ሳንስክሪት ይተረጉም ነበር። ሥራ ይበዛብኛል ለሚል ሰው ትንሽ ያሳፍራል።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘውን የጋንጉሊን ትርጉም አውርጄ ጀመርኩ። እንግሊዝኛው የጥንት ጸሎት መጽሐፍ ይመስላል። ደግሞ ጦርነት ጠብቄ እባብ በእባብ ሆነብኝ። እኔ ነኝ ችግሩ ወይስ መጽሐፉ? (ገና መግቢያው ላይ የቆመች)

መልስ፦ አንቺ አይደለሽም። ኪሳሪ ሞሃን ጋንጉሊ የተረጎመው ከ1883 እስከ 1896 ባለው ጊዜ ነው፣ የተጠቀመውም በዚያን ዘመንም ቢሆን አሮጌ የሚባለውን እንግሊዝኛ ነው። ቢሆንም አትናቂው። ማሃባራታን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእንግሊዝኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረሰ እሱ ነው።

የመታተሙ ታሪክ ራሱ አንድ ልብ ወለድ ይወጣዋል። ካልካታ ውስጥ ፕራታፕ ቻንድራ ሮይ የሚባል አሳታሚ ነበር። መጽሐፉ በክፍል በክፍል እየታተመ ይወጣል፣ ሮይ ገንዘብ ይለምናል፣ ለብዙ ሰው በነፃ ያድላል። ያ ሁሉ ዓመት ሲያልፍ የተርጓሚው ስም መጽሐፉ ላይ የለም። ሥራው በጣም ረጅም ስለሆነ ምናልባት አንድ ሰው አይጨርሰውም፣ ስሞች ቢለዋወጡ አያምርም በሚል ነው። በ1895 ሮይ ሞተ። ሚስቱ ሱንዳሪ ባላ ሮይ ሥራውን ይዛ ዳር አደረሰችው፣ የጋንጉሊም ስም ያኔ መጨረሻ ላይ ወጣ። ለረጅም ጊዜ «የሮይ ትርጉም» ሲባል የኖረው ለዚህ ነው።

ወደ እባቦቹ ስንመጣ፦ ማሃባራታ ታሪክ ውስጥ ታሪክ ነው። አንድ ንጉሥ በእባብ ተነድፎ ይሞታል፣ ልጁ ጃናሜጃያ እባቦችን በሙሉ በእሳት ለመጨረስ ታላቅ የመሥዋዕት ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃል፣ እዚያ ሥነ ሥርዓት ላይ ነው አንድ ሰው ተነስቶ የአያቶችህ ታሪክ እንዲህ ነበር እያለ ማሃባራታን የሚተርክለት። የፓንዳቫዎቹ የልጅ ልጅ ልጅ ነው ጃናሜጃያ። ያንን ትረካ ደግሞ ሌላ ተራኪ ሰምቶ ናይሚሻ የሚባል ጫካ ውስጥ ለተሰበሰቡ ጠቢባን ይደግመዋል። አንቺ ገና ጫካውና እባቦቹ ላይ ነሽ። የመጀመሪያው መጽሐፍ 60ኛ ምዕራፍ አካባቢ ድረስ ዝለይ። ቤተሰቡን ከለመድሽ በኋላ ወደ እባቦቹ ብትመለሺ ጥሩ ሆነው ታገኛቸዋለሽ፣ በቀልን ማን ያስቁመው የሚለው ጥያቄ እዚያው ነው የሚጀምረው። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ግን ነፃ ነው ብለሽ ራስሽን አትቅጪ። ጋንጉሊን ለማመሳከሪያ አስቀምጪው።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን ድራማው የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻ ቁጭ ብሎ ቪያሳ ሲናገር ይጽፋል። ደግሞ ድራውፓዲ ዱርዮዳና ውሃ ውስጥ ሲወድቅ «የዕውር ልጅ ዕውር» ብላ ትስቅበታለች፣ ጠቡ የጀመረው በዚያ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ደብሮይ ላይ ሁለቱንም አጣሁ። ቆርጧቸው ነው? (ተጠራጣሪው)

መልስ፦ አልቆረጠም። የተረጎመው ከሌላ መነሻ ነው።

ማሃባራታ ለዘመናት በእጅ እየተገለበጠ በመላው ህንድ ዞሯል፣ በየአካባቢው ያለው ቅጂ ይለያያል፣ የደቡቡ ከሰሜኑ ይረዝማል። ፑኔ ከተማ ያለው የባንዳርካር የምሥራቅ ጥናት ተቋም በ1919 አንድ ሥራ ጀመረ። የተገኙትን የእጅ ጽሑፎች ሁሉ ሰብስቦ ማነጻጸር፣ በሁሉም አካባቢ የሚገኘውን ዋና ጽሑፍ አድርጎ ማተም፣ በአንዳንዱ ብቻ የሚገኘውን ደግሞ ከግርጌና ከመጨረሻ ማስቀመጥ። 1,259 የእጅ ጽሑፎች ታይተዋል። ሥራውን በዋናነት የመራው ቪ. ኤስ. ሱክታንካር በ1943 ሳይጨርሰው ሞተ፣ ሌሎች ተቀብለው በ1966 ጨረሱት። 19 ቅጽ ወጣው። ዋናው ጽሑፍ ከ73,000 ሽሎካ በላይ ሆነ፣ ማለት 100,000 ከሚባለው ብዙ ቀነሰ። ደብሮይ የተረጎመው ይህንን ነው።

ጋኔሻ በዚህ መንገድ ነው ወደ ተጨማሪው ክፍል የተገፋው። ውብ ታሪክ ናት፦ ጋኔሻ ብዕሬን ካስቆምከኝ አልጽፍም ይላል፣ ቪያሳም እሺ፣ ግን አንተም ሳይገባህ አንድ ስንኝ እንዳትጽፍ ይለዋል፣ ከዚያ ትንፋሽ ማግኛ ሲፈልግ ከባድ ስንኝ እየጣለ ያስቆመዋል። ጋንጉሊ ላይ ታገኛታለህ፣ እሱ የፑኔው ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስለተረጎመ። የድራውፓዲዋ ንግግር ግን ሌላ ናት። አባቱ ዕውር የሆነው ዱርዮዳና በፓንዳቫዎቹ ቤተ መንግሥት ወለል መስሎት ኩሬ ውስጥ ይገባል፣ ይሳቅበታል፣ ይሄ አለ። «የዕውር ልጅ» የሚለውን በአፏ ያስቀመጡላት በኋላ የመጡ ተራኪዎች ናቸው። እኔ ይህን ሳስብ ይገርመኛል። 18 ቀን ጦርነት ለወለደው ጠብ ጥፋተኛ ሲፈለግ፣ ያልተናገረችውን ቃል አስነግረው አንዲት ሴት ላይ ጣሉት።

ታዲያ «እውነተኛው» የቱ ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። የፑኔው ለጥናት ይመቻል። ህንድ ውስጥ ሰው ለልጁ የሚነግረው ግን ከነጋኔሻው ነው። ሁለቱንም ማወቁ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ስሞቹ ገደሉኝ። አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ በአራት ስም ይጠራል። መላ በሉኝ። (ስም የጠፋበት)

መልስ፦ ከአምስቱ ፓንዳቫዎች አንዱ አርጁና ማለት ፓርታም፣ ዳናንጃያም፣ ፋልጉናም ነው። የፓንዳቫዎቹ ወዳጅ ክሪሽና ኬሻቫ፣ ማዳቫ፣ ጃናርዳና፣ ቫሱዴቫ ይባላል። ድራውፓዲ ፓንቻሊ ናት፣ ያጅናሴኒም ናት። ይባስ ብሎ ክሪሽና የሚለው ስም በሴት መልኩ ለእሷም ይሰጣል። «ባራታ» የሚል መጠሪያ ካየህ ደግሞ የዚያ ዘር የሆነ ማንም ሊሆን ይችላል፣ አጠገቡ የቆመውን ተመልከት። አንድ ወረቀት ላይ የቤተሰቡን ሐረግ ራስህ ሳለው፣ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጠው፣ አዲስ ስም ስታገኝ ጨምርበት። ከ15 ሰው በላይ መያዝ የለብህም። የጦርነቱ መጻሕፍት ላይ መቶ ስም ይመጣል፣ ብዙዎቹ ገብተው ገጹ ሳያልቅ የሚሞቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ «ሚስቱን በቁማር ያስያዘ ሰውን ጻድቅ የሚል መጽሐፍ አላነብም» አለችኝ። እኔም መልስ አጣሁ። ዘመናዊ ሴት ይህን መጽሐፍ ለምን ታንብብ? (በመሃል የቆመች)

መልስ፦ የእህትሽን ንዴት እወደዋለሁ። ድራውፓዲም ብትሰማት የምትወድላት ይመስለኛል። እስቲ ሁለተኛውን መጽሐፍ ክፈቺና የቁማሩን አዳራሽ አብረን እንየው፣ ምክንያቱም ከ18ቱ መጻሕፍት አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው የምመርጠው።

ዩዲሽቲራ የሚጫወተው ከሻኩኒ ጋር ነው፣ ሻኩኒ የዱርዮዳና አጎት ነው፣ ቁማር ላይ አይቻልም። ሀብቱን አጣ። መንግሥቱን አጣ። ከዚያ ወንድሞቹን አንድ በአንድ አስያዘ፣ አጣቸው። ራሱን አስያዘ፣ ራሱንም አጣ። ያኔ ሻኩኒ «ድራውፓዲ ቀርታለች እኮ» አለው። አስያዛት። አጣት።

ዱርዮዳና መልእክተኛ ልኮ ባሪያችን ሆናለች ትምጣ አለ። እሷ አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ሂድና ያንን ቁማርተኛ ጠይቀው አለችው፣ መጀመሪያ ያጣኸው ራስህን ነው ወይስ እኔን? ጥያቄዋ የሕግ ጥያቄ ነው። ራሱን መጀመሪያ ካጣ ባሪያ ሆኗል፣ ባሪያ ደግሞ ሌላ ሰው ማስያዝ ይችላል ወይ? መልእክተኛው ግራ ገብቶት ተመለሰ። ዱርዮዳና ወንድሙን ዱሻሳናን ላከው፣ እሱም በፀጉሯ ጎትቶ አመጣት፣ የወር አበባ ላይ ሆና፣ አንድ ልብስ ብቻ ለብሳ።

አዳራሹ ውስጥ ማን የለም! ሽማግሌው ቢሽማ፣ መምህሩ ድሮና፣ የዱርዮዳና አባት ዕውሩ ንጉሥ ድሪታራሽትራ፣ አምስቱ ባሎቿ። እሷ ጥያቄዋን ደገመችው። ቢሽማ የሰጠውን መልስ ስታነቢ ደምሽ ይፈላል፦ ነገሩ ረቂቅ ነው፣ የራሱ ያልሆነ ሰው የሌላን ማስያዝ አይችልም፣ ሚስት ደግሞ በባሏ ሥልጣን ሥር ናት፣ ስለዚህ መልሱን መናገር አልችልም። ከካውራቫዎቹ አንዱ፣ ታናሹ ቪካርና፣ ተነስቶ አልተሸነፈችም ብሎ ተከራከረላት። የዱርዮዳና ወዳጅ ካርና አፉን አስያዘው። ልብሷን ሊገፏት ሲሞክሩ ልብሱ ማለቂያ አጣ። ጥያቄዋ ግን እስከ መጨረሻው መልስ አላገኘም። ከንጉሡ ቤት ቀበሮ ጮኸ፣ መጥፎ ምልክት ነውና ድሪታራሽትራ ፈራ፣ የፈለግሽውን ለምኚኝ አላት። መጀመሪያ ዩዲሽቲራን አስፈታች። ቀጥላ አራቱን አስፈታች። ሦስተኛ ለምኚ ሲላት እምቢ አለች። ሲሰድባት የዋለው ካርና ራሱ፣ ፓንዳቫዎቹ ሲሰጥሙ ጀልባ የሆነችላቸው እሷ ናት አለ።

እንግዲህ መጽሐፉ ዩዲሽቲራን ጻድቅ ቢለውም እዚያ አዳራሽ ውስጥ አላዳነውም። ጫካ ከገቡ በኋላም ድራውፓዲ አትተወውም፣ ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ስለ ፈጣሪ ፍትሕ ሳይቀር ትሞግተዋለች። ለእህትሽ ይህን ክፍል ብቻ ስጫት። ግን አጭር ትረካ ላይ አትስጫት፣ እዚያ ላይ ጉተታው ይኖራል፣ ሙግቱ በሁለት አረፍተ ነገር ያልፋል፣ ያኔ እህትሽ ልክ ትሆናለች። በስሚዝ ወይም በደብሮይ ስጫት። ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የጄ. ኤ. ቢ. ቫን ባውቴነንን ነው፣ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ በ1975 በወጣው ሁለተኛ ቅጽ ውስጥ ይገኛል። ሆላንዳዊ ተወላጅ ነው፣ እንግሊዝኛው ጠንካራና አንዳንዴም እንግዳ ነው፣ ግን ተከራካሪዎቹ በየራሳቸው ድምፅ ይናገራሉ። አምስት መጻሕፍት አድርሶ በ1979 ሞተ፣ ገና በ51 ዓመቱ። ሌሎች ቢቀጥሉትም ያ ትርጉም እስካሁን አላለቀም።

በነገራችን ላይ የቱን ትርጉም ልግዛ እያላችሁ የምታመነቱ ሁሉ፣ ይህንኑ የአዳራሽ ክፍል በሁለት ሦስት ተርጓሚዎች አንብባችሁ አወዳድሩ። ከእኔ ምክር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባጋቫድ ጊታን ብቻ ባነብስ? አጭር ነው፣ ዋናውም እሱ ነው ይባላል። (አቋራጭ ፈላጊ)

መልስ፦ ማንበቡን አንብበው። 700 ስንኝ ነው፣ ስድስተኛው መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። ቻርልስ ዊልኪንስ በ1785 በእንግሊዝኛ ሲያወጣው ከሳንስክሪት በቀጥታ ከተተረጎሙት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ሆኗል። አርጁና በሁለቱ ሠራዊት መሃል ሠረገላውን አስቁሞ ዘመዶቼን አልገድልም ይላል፣ ሠረገላ ነጂው ክሪሽና ያስተምረዋል።

ግን ለብቻው ስታነበው ክርክሩ ያለቀ ይመስልሃል። አላለቀም። ጦርነቱ 15ኛ ቀን ላይ የካውራቫዎቹን ጦር የሚመራው ድሮና አልሸነፍ ሲል፣ ልጁ አሽዋታማ ሞተ ብላችሁ ንገሩት የሚለው ያው ክሪሽና ነው። ከፓንዳቫዎቹ አንዱ ቢማ አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ይገድላል። ዋሽቶ የማያውቀው ዩዲሽቲራ አሽዋታማ ሞቷል ይላል፣ ዝሆን የምትለዋን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እስከዚያ ሰዓት ሠረገላው ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ይሄድ ነበር፣ በዚያች ቅጽበት መሬት ነካ። ይህን ካነበብክ በኋላ ወደ ጊታ ተመለስና እንደገና አንብበው፣ ጥያቄ ይዘህ ነው የምትገባው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። የደብሮይን ሙሉውን ጀምሬ ጦርነቱን ጨረስኩ። 12ኛው መጽሐፍ ግን አላልቅ አለኝ። ልዝለለው? (የጡረታ አንባቢ)

መልስ፦ እርስዎ እዚህ መድረስዎ ራሱ ያስመሰግናል። 12ኛው ሻንቲ ፓርቫ ከሁሉ የሚረዝመው ነው። ቢሽማ የቀስት አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ሞቱን እየጠበቀ፣ ስለ ንግሥና፣ ስለ ግብር፣ ስለ ክፉ ቀን፣ ስለ ነፍስ ያስተምራል፣ 13ኛውም በዚያው ይቀጥላል። መሃሉን ቢዘሉት ማንም አይወቅስዎትም። መጀመሪያውን ግን አይዝለሉብኝ። ያሸነፈው ዩዲሽቲራ ዙፋኑን አልፈልግም፣ ጫካ ልግባ ይላል። ወንድሞቹም ድራውፓዲም በየተራ ይቆጡታል፣ ይህን ሁሉ ሕዝብ ያስፈጀኸው ለምን ነበር ታዲያ ነው ነገሩ። ለየብቻው ማንበብ ከፈለጉ ጄምስ ፊትዝጀራልድ በ2004 በቺካጎው ተከታታይ ያወጣው ቅጽ ውስጥ አለ።

ደግሞ 12ኛውን ቢዘሉም መጨረሻዎቹን አያቋርጡ። 16፣ 17 እና 18 ሦስቱም አጫጭር ናቸው። 18ኛው ላይ ዩዲሽቲራ ሰማይ ሲደርስ ዱርዮዳና በክብር ተቀምጦ ያገኘዋል፣ ወንድሞቹን ፍለጋ ሲሄድ ደግሞ ሲኦል ውስጥ ድምፃቸውን ይሰማል። እዚያም ሆኖ ይከራከራል። (ታሪኩን አበላሸህብን እንዳትሉኝ፣ ከ1,500 ዓመት በላይ ሆኖታል።)

ጥያቄ፦ ግጥም ሆኖ የተጻፈን ነገር በስድ ንባብ ማንበብ አይከብድም? ግጥሙን የጠበቀ የለም? (ግጥም ወዳድ)

መልስ፦ አለ። እንግሊዛዊቷ ገጣሚ ካሮል ሳትያሙርቲ በ2015 ቤት በማይመታ ግጥም አውጥታዋለች። ሳንስክሪት አታውቅም፣ ከሌሎች ትርጉሞች ተነስታ ነው የሠራችው፣ ስለዚህ ትርጉም ሳይሆን እንደገና የተተረከ ነው። ግን ይፈሳል። ጮክ ተብሎ ሊነበብ የሚችል ከእነዚህ ሁሉ እሱ ነው፣ ማሃባራታ ደግሞ ከመጀመሪያውም በጆሮ የሚሰማ ነበር። ሙሉውን በግጥም ካሰኘህ ፒ. ላል ካልካታ ውስጥ ከ1968 ጀምሮ ስንኝ በስንኝ ሲያወጣው የነበረ አለ፣ እሱን ፈልጎ ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ህንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ «ሙሉውን ቤትህ አታስቀምጥ፣ ጠብ ያመጣል» አለኝ። የምሩን ነው? (ፈሪው)

መልስ፦ እንዲህ የሚል እምነት ህንድ ውስጥ በሰፊው አለ፣ በወንድማማቾች ጠብ ቤት ስለፈረሰበት ታሪክ ነውና። በየቤቱ ግን ሞልቷል። አንተ ቤት ጠብ ከተነሳ 10ሩ ቅጽ የት ይቀመጥ በሚለው ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለ12 ዓመት ልጄስ? (እናት)

መልስ፦ የራጃጎፓላቻሪን ስጪው፣ የህንድ የመጨረሻው ጠቅላይ ገዥ የነበረው ሰው ነው የጻፈው፣ መጽሐፉ በ1951 ወጥቷል። ምዕራፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ለአንድ ምሽት አንድ ይበቃል። ምክር ያበዛል፣ ልጅሽ ያንን ቢዘልብሽ ዝም በይው። የቁማሩ ምዕራፍ ላይ ግን አብረሽው ተቀመጪ፣ የምትመልሺው ብዙ ጥያቄ ይኖረዋል።